ልብሳው ወይስ ልተወው? የክራርና የቦክስ ጊታር ድምፅን ለማጉላት ፒክአፕ ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። በሰሌዳ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች አልተካተቱም።)



የዛሬው ርእሴ ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከኤምባሲው አጥር አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የጎረቤቴ ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ክራር ታቅፎ በሬን አንኳኳ። ክራሩ የአባቱ ነው። አባቱ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጁ በሠርግና በምሽት ዝግጅት ላይ ከሚጫወት ቡድን ጋር መሥራት ጀምሯል። ኪቦርድ አለ፣ ቤዝ ጊታር አለ፣ ድራም አለ፤ ክራሩ ግን ከመካከላቸው አይሰማም። ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው መፍትሔውን ነግሮታል፤ የናይለኑን ክር አውጥቶ የብረት ክር እንዲያስር፣ ከዚያም ገበቴውን በስቶ የማግኔት ፒክአፕ እንዲያስገባበት።

«ጋሼ፣ ልብሳው ወይስ ልተወው?» አለኝ።

ወዲያው አልመለስኩለትም። ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን እኔ ራሴ በዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ተማሪ ሳለሁ በብዙ ቁጠባ የገዛኋትን ቦክስ ጊታር ያለ ልክ በስቼ፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን የአጥንት ዘንግ ከልክ በላይ ሞርጄ፣ ፒክአፕ ከሥሩ አስገብቼባት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ይጮኻሉ፣ መካከለኛዎቹ ያንሾካሹካሉ። ዘንጉን መቀየር ይቻላል፤ ቀዳዳውን ግን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ልጁን «ክራሩን እዚህ ተወው፤ መሰርሰሪያ እንዳታነሣ፤ በሳምንቱ ተመለስ» አልኩት። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

«ፒክአፕ» ስል በከተማችን መንገድ ዕቃ የሚያመላልሰውን መኪና ማለቴ አለመሆኑንም አስቀድሜ ላስታውቅ። (ሳቅ) የመሣሪያን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ትንሽ ዕቃ ማለቴ ነው።

ከሥሩ እንነሣ። ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገፋውም። ሰፊ ገጽ ያስፈልገዋል። በቦክስ ጊታር ያ ሰፊ ገጽ ስሱ የፊት ሳንቃ ነው፤ በክራር ደግሞ በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው። ክሩ ንዝረቱን ለብርኩማው፣ ማለትም ከገጹ በላይ ለሚያነሣው እንጨት፣ ያስረክባል፤ ብርኩማው ለገጹ፣ ገጹ ለአየሩ። በጊታር ሆድ ውስጥ ያለው አየርም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ እንደምንሰማው ሁሉ የራሱ ድምፅ አለው፤ በተለመደው ቦክስ ጊታር ይህ ድምፅ 100 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። የፊት ሳንቃው ዋና ንዝረት ደግሞ 200 ኸርዝ አካባቢ ነው። ጊታር የምንለው ድምፅ የክሩ ብቻ አይደለም፤ ክሩ የጀመረውን ሣጥኑ መርጦ፣ አንዱን አጉልቶ ሌላውን አለዝቦ የሚያወጣው ነው።

እንግዲህ ድምፁን ከየት እንቅዳው? ከክሩ፣ ከብርኩማው፣ ከገጹ ወይስ ከአየሩ? የፒክአፕ ምርጫ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ይህ ነው። ወደ ክሩ በቀረብን መጠን ድምፁን ያለ ፉጨት ብዙ ማጉላት እንችላለን፤ ነገር ግን መሣሪያውን መምሰሉ ይቀንሳል። ወደ አየሩ በቀረብን መጠን መሣሪያውን ይመስላል፤ ሞንታርቦው ግን ቶሎ ያፏጫል። ሻጭ ሁሉ ሁለቱንም በአንድ ዕቃ አገኘሁልህ ይላል። እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

ፉጨቱ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በየአዳራሹ ተናጋሪ ማይክ ሲይዝ ጆሯችንን የሚበሳው ነው። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ ይገባል፤ እንደገና ጎልቶ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። በአንድ ዙር የሚጨመረው በመንገድ ከሚጠፋው ሲበልጥ ሥርዓቱ በራሱ መጮህ ይጀምራል። ሣጥንና ቆዳ ያላቸው መሣሪያዎች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ገጻቸው ድምፅ ለማውጣት የተሠራውን ያህል ድምፅ ለመቀበልም የተመቸ ነውና። ቦክስ ጊታር መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን ድምፅ ሳይሆን ቀድሞ በተናገርኩት በ100 እና በ200 ኸርዝ አካባቢ የሚያጓራው ስለዚህ ነው።

ሻጩ ወደመከረው ወደ ማግኔቱ ልግባ። መርሁ እ.ኤ.አ. በ1831 ፋራዴይ ያሳየው ነው። በማግኔት አጠገብ ብረት ሲንቀሳቀስ መስኩ ይለዋወጣል፤ በዙሪያው በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥም ቮልቴጅ ይፈጠራል። በአሜሪካ «መጥበሻ» በሚል ቅጽል የታወቀውን የኤሌክትሪክ ጊታር ቦሻምፕና ሪከንባከር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት በዚሁ መርሕ ነው። ማግኔቱ የሚሰማው ክሩን ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ቢኖርም ባይኖርም ብዙ ግድ የለውም። ስለዚህም ከድራም አጠገብ በድፍረት ይቆማል።

ችግሩ የሚሰማው ብረትን ብቻ መሆኑ ነው። ናይለን ለማግኔት አየር ማለት ነው፤ ጅማትም እንደዚያው፤ የመሲንቆ የፈረስ ጭራም እንደዚያው። የብረት ክር ባለው ቦክስ ጊታር ላይ እንኳ ወፍራሞቹ ክሮች በነሐስ የተጠመጠሙ ናቸው፤ ማግኔቱ ነሐሱን አያየውም፣ የሚያየው ውስጡ ያለውን የብረት እምብርት ብቻ ነው። ባልተጠመጠሙት በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ ድምፁ ሳይታሰብ የሚጎላውም በዚህ የተነሣ ነው። ለቦክስ ጊታር ተብለው የሚሠሩ የማግኔት ፒክአፖች ይህን ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ የሊድ ጊታር ፒክአፕ አውጥቶ ቀዳዳው ላይ ማሰር ግን አያዋጣም።

ስለዚህ ክራሩ ማግኔት እንዲሰማው ክሩ መቀየር አለበት። ይህ ቀላል ለውጥ እንዳይመስላችሁ እንቁጠረው። አንድ ክር በተወሰነ ርዝመት የተወሰነ ቅኝት ላይ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ውጥረት ከክሩ ክብደት ጋር በቀጥታ ያድጋል። ብረት ከናይለን በመጠነ ቁስ ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ውፍረቱን በግማሽ እንቀንስ፤ 0.7 ሚሊ ሜትር የነበረውን ናይለን በ0.35 ሚሊ ሜትር ብረት እንተካው። ስፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ክብደቱ ግን አሁንም ከቀድሞው 1.7 እጥፍ ገደማ ነው። ውጥረቱም እንዲሁ። በስድስት ክር ይህን ጭነት የሚሸከሙት ለናይለን ተብለው የተጠረቡ ሁለት ምሰሶዎች፣ አንድ ቀንበርና አንድ ቆዳ ናቸው። ቀንበሩ ሊጎብጥ፣ ብርኩማው ቆዳውን ይዞ ሊሰምጥ ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ የጣቱ ስሜት ይለወጣል፤ ከአባቱ የተማረው አመታት በብረት ላይ ሌላ ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ እንዳትረዱኝ የምፈልገውን ልናገር። የኤሌክትሪክ ክራርን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭ የጎላ ክራርን ይዞ በዓለም መድረኮች ተጫውቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በኤም አይ ቲ የእንግዳ አርቲስትነት ቆይታው የዚያን ተቋም የሚዲያ ላብራቶሪ ዘመናዊ ክራር ስለ መሥራት አማክሯል። እነዚህ አዲስ መሣሪያ ልንሠራ ነው ብለው የተነሡ ሥራዎች ናቸው። ልጁ ግን አዲስ መሣሪያ አልጠየቀኝም፤ ያለው መሣሪያ እንዲሰማለት ነው የጠየቀኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ የሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል።

ማግኔቱ ከቀረ የሚቀጥለው ፒዬዞ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች ያለ በደሉ የሚወቅሱት ዕቃ ይህ ነው።

የኩሪ ወንድማማቾች፣ ዣክና ፒዬር፣ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይታያል። ዛሬ ይህን ባሕርይ የያዘ ሸክላ መሰል ቁስ በሁለት መልክ እናገኘዋለን። አንደኛው በቦክስ ጊታር የአጥንት ዘንግ ሥር የሚገባ ቀጭን ንጣፍ ነው። ሁለተኛው በልጆች መጫወቻና በማንቂያ ደወል ውስጥ ያለው፣ ከናስ የተሠራ ሳንቲም መሰል ዲስክ ነው። ናይለን ይሁን ብረት ግድ የላቸውም፤ የሚሰሙት ግፊትን ነው።

«ፒዬዞ የቆርቆሮ ድምፅ አለው» ሲባል ሰምታችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ከዘንጉ ሥር ያለው ንጣፍ የክሩን ግፊት የሚቀበለው ሣጥኑ ገና ሳያለዝበው ነው፤ በኃይል ሲመታ ደረቅና ጩኸታም ይሆናል። የቀረው ግማሽ ግን የፒዬዞው ጥፋት አይደለም። የተሰካበት ቦታ ጥፋት ነው።

ፒዬዞ በኤሌክትሪክ ዐይን ሲታይ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ይህ ካፓሲተር ከሚሰካበት ዕቃ የግቢያ ሬዚስታንስ ጋር ሲገናኝ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይፈጥራል። መቁረጫውን ለማግኘት አንድን ለሁለት ፓይ፣ ለሬዚስታንሱና ለካፓሲታንሱ ብዜት እናካፍላለን፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በእንቅልፋቸውም ያሰሉታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። (ሳቅ) ንጣፉ 1 ናኖ ፋራድ አለው እንበል። በየአዳራሹ የምናገኘው ሚክሰር የላይን ግቢያው 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። መቁረጫው 16,000 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው። ማለትም ከመቁረጫው በታች ያለው ሁሉ፣ የሙዚቃው ጠቅላላ አካል፣ በእያንዳንዱ ኦክታቭ 6 ዴሲቤል እየተቀነሰ ይወርዳል። የቀረው የክሩ ጭረት ብቻ ነው። ያንኑ ንጣፍ 1 ሜጋ ኦም ግቢያ ላይ ብንሰካው መቁረጫው ወደ 160 ኸርዝ ይወርዳል፤ 10 ሜጋ ኦም ላይ ወደ 16። ፒክአፑ አልተቀየረም፤ ክሩም፣ እጁም አልተቀየረም።

ሳንቲም መሰሉ ዲስክ ደግሞ 20 ናኖ ፋራድ ያህል ሊኖረው ይችላል። 10 ኪሎ ኦም ላይ መቁረጫው 800 ኸርዝ ገደማ፣ 1 ሜጋ ኦም ላይ 8 ኸርዝ ነው። ርካሹ ዕቃ በዚህ በኩል ከውዱ ይልቅ ቀና መሆኑን ልብ በሉ።

ገንዘባቸውን ቆጥበው አንድ ነገር ብቻ መግዛት ለሚችሉ የምመክረውም ከዚህ ይከተላል። መጀመሪያ የሚገዛው ውድ ፒክአፕ አይደለም፤ ግቢያው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም የሆነ፣ ቢቻል ከዚያ የላቀ፣ ትንሽ ፕሪአምፕ ነው። በመሣሪያውና በፕሪአምፑ መካከል ያለው ኬብልም ይጠር። ኬብል በየሜትሩ 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ይዞ ይመጣል፤ የአምስት ሜትር ኬብል ከ1 ናኖ ፋራድ ንጣፍ የሚወጣውን ምልክት ወደ ሁለት ሦስተኛው ይቀንሰዋል። ከፕሪአምፑ በኋላ ረጅም ኬብል ቢዘረጋ ግድ የለም። ፕሪአምፑ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ጃኩን ንቀሉ፤ በብዙዎቹ ዕቃዎች ባትሪውን የሚከፍተው የጃኩ መሰካት ነውና፣ ተሰክቶ ያደረ ጊታር ጠዋት ዲዳ ሆኖ ይገኛል። በእኛ ሰፈር መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር ይነሣል፣ ከጀነሬተሩ ጋር እምምታው ይመጣል፤ በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ከዚህ በከፊል ያድናል።

ማይክሮፎንን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በየቦታው የሚገኘው ሹር ኤስ ኤም 57 ለዚህ ይበቃል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 ብናቀርበው ከመሣሪያው የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ከሞንታርቦው የሚመጣው ግን ባለበት ይቆያል። ያለ ምንም ወጪ የተገኘ ትርፍ ነው። ተጫዋቹ ግን እንደ ሐውልት መቀመጥ አለበት። ገበቴው ከንፈር ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ይህን ይፈታል፤ ድምፁም ከሁሉ ይበልጥ መሣሪያውን ይመስላል። ለበገና ሌላ ነገር አልመክርም። የበገና ነፍስ ክሩ እንዝራውን ሲነካ የሚሰማው መንዘር ነው፤ ብርኩማው ላይ ዲስክ ብትለጥፉበት መንዘሩ ሁሉን ይውጠዋል፣ የአለሙ አጋን ቅጂዎች የሰማ ጆሮ ወዲያው ይቀየማል።

ወደ ክራሩ ልመለስ። ሳምንቱን ሙሉ ሳልበሳው ሞከርኩት። ዲስኩን በሁለት ፊት ማጣበቂያ ገበቴው ጀርባ ላይ ለጠፍኩ፤ ከዚያ ቆዳው ላይ፤ ከዚያ ገበቴው ከንፈር ላይ፣ እንጨቱ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት። ጀርባው ላይ ድምፁ ሩቅና ደረቅ ነበር። ቆዳው ላይ ምልክቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ቆዳ ከሳንቃ እጅግ ይቀልላል፣ ጥቂት ግራም የሚመዝን ናስ ሲሸከም ያለ ማጉያ እንኳ ክራሩ ታፈነ። የሚለካው ዕቃ የሚለካውን ሲለውጥ ማለት ይህ ነው። ከንፈሩ ላይ መካከለኛ ሆነ፤ ከወፍራሙ ክር ይልቅ ለቀጭኑ ቢያደላም የሚስተካከል ነበር። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም ልኬቶቼ ተዛቡ። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል፤ ቅኝቱም ወርዷል። እንጦጦ ሥር ክረምት ላይ ክራር ለሚለካ ሰው ከመሣሪያዎቹ መካከል ፍም ያለበት ምድጃ ይጨመርለት። (ሳቅ)

ልጁ ሲመለስ እናቱን ይዞ መጣ። በእውነቱ አልጠበቅኋቸውም ነበር። እርሱ አንዱን የትዝታ ድርደራ ሦስት ጊዜ ተጫወተ፤ በቁንጥጥ ማይክ፣ ከንፈሩ ላይ ባለው ዲስክ፣ ገበቴው ጀርባ ላይ ባለው ዲስክ። ሦስቱንም ቀድቼ የድምፃቸውን መጠን አስተካከልኩ፤ ሳይተካከል ከቀረ ሰው ሁልጊዜ የጎላውን ይመርጣልና። ከዚያም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር ለእናቱ አሰማኋቸው። የጀርባውን ሲሰሙ «ይህ ራዲዮ ነው» አሉ። የከንፈሩን «ደህና ነው፤ ጎረምሳ ነው» አሉ። ማይኩን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ድገምልኝ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ።

ቢሆንም ማይኩን ብቻ ይዞ እንዲሄድ አላደረግሁም። ቡድኑ በሰፈራችን በአንድ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ሲለማመድ አብሬ ሄጄ ነበር። ድራሙ ሲጀምር ማይኩ ከክራሩ ይልቅ ድራሙን ይሰማ ነበር፤ ትንሽ ሲጎላ ደግሞ አጓራ። የሞንታርቦውን አቅጣጫ አዞርን፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥን፣ የሚያጓራውን ድምፅ ለይተን ቀነስን፤ አልበቃም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከቡድኑ ጋር ሲጫወት ከንፈሩ ላይ ያለው ዲስክ በፕሪአምፕ በኩል ይሠራል፤ ማይኩ ይዘጋል። ብቻውን ሲደረድር፣ በዘፈኑ መግቢያ ላይ፣ ድራሙና ቤዙ ዝም ባሉበት፣ ማይኩ ይከፈታል። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሁለቱን የሚለዋውጥበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ይዟል፤ አንዳንዴ ይረሳል።

ክራሩ አልተበሳም። ዲስኩ በማንኛውም ቀን ያለ ምልክት ይነሣል። ልጁ ግን የብረት ክሩን ሐሳብ አልተወም፤ ይህም መብቱ ነው። ለብረት ክር የሚሆን፣ ምሰሶው የደነደነ ሁለተኛ ክራር ለማሠራት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ምን ያህል ውጥረት መሸከም እንዳለበት እንዳሰላለት ጠይቆኝ፣ ያቺን ወረቀት ባለፈው ሐሙስ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።